በአንድ ቃል መልስ የተባልኩበት ቀን

ሰይድ እባላለሁ። የተወለድኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥዬ የማወራው ስለሞቱ ላሞችና ስለ ሐይቅ ውሃ ስለሆነ «የሒሳብ አስተማሪ እዚያ ምን ጥልቅ አደረገው?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ያን ቀን ውሃው ዳር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የጠየቀኝም ይህንኑ ነበር።

እኔ የምሠራበት የሒሳብ ዘርፍ ፈዚ ይባላል። ድንበራቸው ያልለየ ነገሮች ሒሳብ ልትሉት ትችላላችሁ። በተለመደው ሒሳብ አንድ ነገር ወይ የስብስቡ አባል ነው፣ ወይ አይደለም። በእኛው ግን በከፊል አባል መሆን ይችላል። «ውሃው ሞቋል» ስንል ከየት ጀምሮ ነው የሞቀው? ለብ ያለውስ የት ይግባ? እኛ እንዲህ ላለው ነገር ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መካከል ደረጃ እንሰጠዋለን። ለዓመታት ይህን የሠራሁት ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ሥራዬ ማንንም ጠቅሞ፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር።

ምሕረት የመጣችው ያኔ ነው። እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነች። የምታጠናው ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉትን፣ ለየብቻ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ነው። እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ውሃው ሲሞቅ፣ ነፋስ ሲጠፋ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ሲገባላቸው ይራባሉ፤ ያኔ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ኑሮ ሲከፋባቸው አንዳንዶቹ ወፍራም ቆዳ አብጅተው ወደ ጭቃው ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ መርዝ አላቸው፤ መቼ በዝቶ መቼ እንደሚያንስ ነው የሚያስቸግረው።

«የቱ ጭንቀት ቆዳውን፣ የቱ መርዙን እንደሚያመጣ በአዎና በአይደለም አልያዝልህ አለኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ያንተ ሒሳብ ይይዘው እንደሆነ እንሞክረው።»

እኔም ደስ አለኝ። ሐይቅ ከተማ የልጅነት መንገዴ ላይ ያለች ናት፤ ከውጫሌ ወደ ደሴ ስንሄድ ሐይቁን በመኪና መስኮት አይ ነበር። ከወረዳው አስፈቀድንና ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ በባዶ ጀሪካን የሚንሳፈፉ ግልጽ የላስቲክ ከረጢቶች አሰርን። እያንዳንዱ ጥቂት ባልዲ የሐይቅ ውሃ ይይዛል። ምሕረት አንዱን በጥላ ትሸፍናለች፣ ሌላው ውስጥ ትንሽ ማዳበሪያ በጥብጣ ትጨምራለች፤ ከዚያ ፍጥረቶቹ ምን እንደሚያደርጉ ትለካለች። እኔ ከእሷ ቁጥሩን እወስዳለሁ። ስለ ከረጢቶቹ ከዚህ በላይ ጠይቄያት አላውቅም።

የዳሩ ሰው ግን በሌላ ዓይን ነበር የሚያየን። ከጦርነቱ ወዲህ በአካባቢያችን ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ሰው በደህና አይታይም። በዚያ ላይ ሐይቁ ለሆነ ባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ከሁሉም የሚከታተለን ከድር የሚባል ከሳውዲ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። በሞተር ውሃ እየሳበ ዳሩ ላይ ሽንኩርት ያለማል፣ አሳ የሚያጠምድባት ጀልባም አለችው። ሰላምታ አይነፍገንም፤ ዓይኑ ግን ከእጃችን አይነሳም።

«እዚህ ላስቲክ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ይላል።

«ውሃ ነው» ትለዋለች ምሕረት።

«ውሃ ውሃ ውስጥ ለምን ይታሰራል?»

እውነቱን ነበር። ደህና አድርገን አላስረዳነውም።

ነገሩ የሆነው ሙቀቱ በከፋበት ሰሞን ነው። ለቀናት ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ከምሕረት ጋር በባጃጅ ስንደርስ ውሃው ዳር ዳሩን እንደ ወፍራም የጎመን ሾርባ ሆኖ ጠበቀን። ምሕረት እስከ ደረቷ የሚደርሰውን የጎማ ልብስ ለብሳ ወደ ከረጢቶቹ ገባች። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ዳሩን ቃኘችና ከረጢቱን ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ይዛው ወጣች።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ፈታሽው?»

«ያረጀ ነው፤ ይቀየራል» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከረጢቱን ያሰርነው በቅርቡ ነው። ፊቴን ሳታየኝ የጎማ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። ማዳበሪያ የሚጨመርበት እሱ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ምን ያህል እንደምትጨምርበት፣ ከማዳበሪያ ሌላ ምን እንደምትጨምርበት ግን አላውቅም። ገና ምንም ሳይፈጠር ልቤን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

ጩኸቱ የተሰማው ወዲያው ነው። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ከብት ከሚጠጣበት በኩል ነበር። ሮጠን ስንደርስ አንዲት ላም ሞታ ተዘርራለች። ሌላዋ፣ ያረገዘችዋ፣ እግሯ እየተብረከረከ አፏ ላይ አረፋ ይዛ ቆማለች። ላሞቹ የሸህ እንድሪስ ናቸው። ሸህ እንድሪስ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ ሲኖር ለዱአ የሚጠሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ናቸው። የከድር አጎት ናቸው፤ አባቱ ሲሞትበት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። የቆመችውን ላም አንገቷን አቅፈው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

ከድር ቢላዋ ይዞ መጣ። «ሳትሞት ትታረድ! ሥጋዋ እንኳ ይትረፍ!»

ምሕረት ፊት ለፊቱ ቆመች። «ሥጋዋን እንዳትበሉት፤ መርዙ ጉበቷ ውስጥ ገብቷል።»

ዝም ብትል ኖሮ ማንም ወደ እኛ ባልዞረ ነበር። ከድር ቢላዋውን ዝቅ አደረገ፤ ፊቱ ግን ባንዴ ሲገረጣ አየሁት።

«የምን መርዝ?» አላት። «እኛ ምን እንደነካት ገና መች አወቅን? አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ምሕረት ስለ አረንጓዴው ውሃ ልታስረዳ ጀመረች። የሰማት የለም። አንዱ እየጠበቀን የነበረውን የባጃጅ ሹፌር «አንተ ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» ብሎ አሰናበተው። ባጃጁ አቧራውን እያስነሳ ወደ ከተማው ዞረ። ከሽንኩርቱ ማሳ ጥግ ካለ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ማሳ ያለው ማሳውን፣ መረብ ያለው መረቡን ጥሎ መጣ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ አንድ ሽማግሌ።

የአባቴን ስም ነገርኩት፤ አገሬንም።

«የአምባሰል ልጅ ሆነህ ነው እንዲህ የምትሠራ?»

«ምን ሠራሁ?»

«እሱን አንተ ንገረን!»

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለ ሌላው።

«ሒሳብ አስተምራለሁ።»

ሳቅም ቁጣም የመሰለ ድምፅ ተነሳ። «የሒሳብ አስተማሪ ውሃ ውስጥ ምን ያስቆጥረዋል?» አለች ከኋላ የቆመች ሴት። «ቦርሳዋ ይፈተሽ!» አለ ሌላ። ያኔ አንድ ያልገባኝ ነገር ተፈጠረ። ከሁሉም አብልጦ ሲጮህብን የነበረው ከድር እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ቦርሳው ይቆይ» አለ። ምሕረትን አየኋት፤ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ይዛለች። ሁለቱንም ጠረጠርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከሰዎቹ በላይ የፈራሁት የቦርሳውን መከፈት ነበር።

ሸህ እንድሪስ ላሟን ትተው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። ድምፃቸው አልጨመረም።

«ልጄ፣ የእኛው ሰው ነህና እንዳትዋሸኝ። ውሃው መርዝ ነው ወይስ አይደለም? በአንድ ቃል መልስልኝ።»

አስቡት እንግዲህ። በአንድ ቃል የማይመለስ ነገር ሳሰላ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ነው ብል «ታዲያ ማን ጨመረው?» ይሉኛል፤ ደግሞ ሐይቁ በሙሉ መርዝ አይደለም። አይደለም ብል ከዚያው ቀድተው ይጠጣሉ።

«እዚህ ጋ... ነው» አልኩ። «ወዲያ ጥርት ያለው ጋ ግን አይደለም። በመጠን ነው።»

«ውሃ አንድ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ግማሹ መርዝ፣ ግማሹ ጤና ይሆናል እንዴ? ይኼ ሰው ያላግጥብናል!»

ከድር ተነስቶ ወደ ውሃው ሄደ። በጣሳ ከአረንጓዴው ቀድቶ መጣና አፌ አጠገብ አስጠጋው።

«ያልጨመራችሁበት ከሆነ ጠጣው። ቢስሚላህ በልና ጠጣ። ወላሂ፣ ከጠጣኸው እዚሁ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ እጄ ወደ ጣሳው ተዘረጋ። የዚያን ሁሉ ሰው ዓይን ከላዬ ለማንሳት ብዬ ይመስለኛል።

«ሰይድ፣ እንዳትቀምሰው!» ብላ ምሕረት ጮኸች።

ሰዉ አንድ ላይ ተነሳ። «አያችሁ! ታውቃለች! ምን እንደጨመረች ታውቃለች!» ዱላ ያነሳም ነበር። ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ባያነሱ ኖሮ ቀጥሎ የሚሆነውን አላውቅም።

ያኔ ፊቴን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። ነፋስ ነበር። ከቀናት በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ነፋስ። ሰው ሁሉ እየጮኸ ምሕረት ብቻ ወደ ውሃው አየች። ከዚያ ብድግ አለች።

«አባቴ፣ የፈለጋችሁትን እነግራችኋለሁ፤ እሰሩኝም። መጀመሪያ ግን ያንን እዩ።» ጣቷን ቀሰረች። ዳሩ ላይ ተጋግሮ የነበረው አረንጓዴ ከዳሩ ለቆ፣ እየተጎተተ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ወዳለው ጉብታ አቅጣጫ መሄድ ጀምሯል። «ከጉብታው ወዲያ ከብት ውሃ ይጠጣል?»

«ከቀትር በኋላ ይጠጣል» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«እንግዲህ ይኼ እዚያ ሊደርስ ነው።»

«ለማምለጥ ነው!» አለ አንዱ።

ምሕረት ቦርሳዋን ከፈተችና ከረጢቱን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። ከአናቱ እስከ ታች ተቀዷል። «ይኸው። ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳየው እንዲህ ሆኗል። ውስጡ የነበረው ከዚሁ ሐይቅ የተቀዳ ውሃና ትንሽ ማዳበሪያ ነው። ውሃው እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ከብት ቢሞት የሚያምነኝ ሰው እንደማይኖር ስላወቅኩ ደበቅኩት። ሰይድ፣ አንተም እየው።»

አየሁት። በእርጅና የተቀደደ አይደለም፤ በስለት ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ነው። ቀና ስል ከድር ከረጢቱን ሳይሆን አጎቱን ነበር የሚያየው።

ሸህ እንድሪስ ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ አላመንኩሽም። ሁለት ላም ሜዳ ላይ ጥዬ በቃልሽ ብቻ ላምንሽ አልችልም። ከብት ከውሃ ለማራቅ ግን እናንተን ማመን አያስፈልገኝም። ብትዋሹን አንድ ቀን ከብቱ ይጠማል፤ እውነት ከሆነ ግን...» አልጨረሱትም። «ከድር፣ ለእህትህ ደውልላት።»

ከድር ደወለ። ከጉብታው ማዶ የምትኖረው እህቱ ዘይነባ ስልኳ ዝግ ነው። ሌሎችም ሞከሩ፤ ከጉብታው ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ አይገኝም። በእግር የሚሄድ ሰው ላኩ፤ ግን መሃል ያለውን ረግረግ ዞሮ እስኪደርስ ከብቱ ጠጥቶ ይመለሳል። የሚቀድመው ጀልባ ነው።

«እሷ እዚህ ትቆያለች» አሉ ሸህ እንድሪስ። «አማና ናት፣ አደራዬ ናት፤ የሚነካት የለም። አንተ ከከድር ጋር ትሄዳለህ። የትኛው እንደሚገድል የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ምሕረት እየሄድኩ ከኋላዬ «አረንጓዴ ካለበት ሁሉ አርቃቸው፤ ጥርት ያለ ቢመስልም ከአጠገቡ አይጠጡ» አለችኝ። ጀልባው ላይ ስወጣ ዋና እንደማልችል አስታወስኩ። ለከድር ግን አልነገርኩትም።

ከድር ይቀዝፋል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ሰው ሊያየን ከማይችልበት ስንደርስ መቅዘፉን አቆመ። ጀልባዋ ባለችበት ትወዛወዝ ጀመር።

«ለማን ነው የምትሠሩት?» አለኝ።

«ለማንም። ጥናት ነው።»

«እኔን ሳውዲ የወሰደኝ ሰውም እንዳንተ ለስላሳ አማርኛ ነበር የሚያወራው። ሹፌር ትሆናለህ ብሎኝ በረሃ ላይ ከግመል ጋር ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ረጋ ብሎ የሚያወራኝን ሰው አላምንም።»

«አትመነኝ» አልኩት። «ብቻ ቅዘፍ።»

አልቀዘፈም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየኛል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው ከአፌ ያመለጠኝ፦

«ትናንት አመሻሽ ላይ የሽንኩርት መድኃኒት መርጫ ታንክህን ከብት ከሚጠጣበት በላይ ስታጥብ አይቼሃለሁ።»

ፊቱ ተለወጠ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«አይተህ ነበር?» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዱላ ሲነሳብህ፣ ለምን አላልክም ታዲያ? እኔ ላይ ብታላክክ ታመልጥ ነበር'ኮ።»

«ላሞቹን የገደለው እሱ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። ያልሆነም ይመስለኛል።»

ከድር አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ እንደ ልጅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማልቀሱ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

«ከረጢታችሁን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ሲመሻሽ፣ እናንተ ስትሄዱ። ምን እንዳለበት ላይ ብዬ። አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ውሃ ነው ብዬ ተውኩት። ጠዋት አጎቴ ሲጮህ... ያቺ ልጅ መርዝ ስትል... ቀድጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያሳደገኝን ሰው ላሞች የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጣሳውን ስሰጥህ እንድትጠጣው ለምኜ ነው። ብትጠጣውና ምንም ባትሆን አልገደልኩም ማለት ነበር።»

እየጮኸብን የነበረው ሰው፣ በልቡ ራሱን ነበር የሚከስሰው።

«ንገረኝ» አለኝ። «ከረጢቱ ነው የገደላቸው?»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል መመለስ የምችለው ጥያቄ ቀረበልኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ጥቂት ባልዲ ውሃ ነው፤ የያዘውም ምሕረት እንዳለችው ትንሽ ማዳበሪያ ነው። ያ ሁሉ አረንጓዴ በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ሙቀቱ አለ፣ ነፋሱ መጥፋቱ አለ፣ ከዳሩ ማሳ ሁሉ እየታጠበ የሚገባው ማዳበሪያ አለ።»

«ከእኔም ሽንኩርት?»

«ካንተም። ከሌላውም። በትንሽ በትንሹ።»

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና መቅዘፊያውን አነሳ። ከዚያ በኋላ እንደቀዘፈው ሲቀዝፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጉብታውን ስንዞር ከብቱ ወደ ውሃው እየወረደ ነበር። አረንጓዴው ከእኛ ቀድሞ መድረስ ጀምሯል፤ ገና አልወፈረም፣ እንደ ተቀዳደደ ሻሽ እዚህም እዚያም ይታያል። ከድር ከጀልባው ላይ ቆሞ «ዘይነባ! መልሽያቸው! እንዳይጠጡ!» እያለ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወሰደው። ዘይነባ ሰላምታ መስሏት እጇን አወዛወዘችልን። አንዲት ጊደር አንገቷን ዘርግታ ወደ ውሃው ጎንበስ ስትል ከድር ልብሱን ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ውሃ እየረጨ፣ እየተደናቀፈ ሮጦ ጊደሯን ቀንዷን ይዞ ገፍትሮ መለሳት። እኔ ጀልባዋን እንዴት ዳር እንዳደረስኳት ራሴም አላውቅም።

ዘይነባና ሌሎቹ ከብት ጠባቂዎች ተቆጡ። «ምን ሆነሃል አንተ? ከብቱ ተጠምቷል!» ከድር የላሞቹን ሞት ነገራቸው። አንድ ጎልማሳ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ይኼስ ማነው? ያ ላስቲክ የሚያስረው አይደል እንዴ?» አለ።

«ከእኔ ጋር ነው የመጣው» አለ ከድር።

እያጉረመረሙ ከብቱን ወደ ላይ ነድተው እዚያ ካለ ምንጭ አጠጡ። እኛ ዳሩ ላይ ቆመን አረንጓዴው ቀስ በቀስ እየገባ፣ እየተደራረበ፣ ከብቱ ሊጠጣበት የነበረውን ቦታ ሲሞላው አየን። ዘይነባ «ሱብሃነላህ» አለች።

ስንመለስ ሁለተኛዋም ላም ሞታ ነበር። ሸህ እንድሪስ ግን አላሳረዷትም። ሁለቱንም የሚቀብሩበት ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። እዚያ ቀዬ ያን ያህል ሥጋ አፈር ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ምሕረት ከሸህ እንድሪስ ባለቤት ጎን ተቀምጣለች፤ በእጇ የሰጧትን የታሸገ ውሃ ይዛለች። የታሸገ ውሃ ከከተማ አስመጥተውላት ነበር።

ከድር አጎቱን ወደ ማሳው ዳር ወሰዳቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ሽማግሌው ቆመው አዳመጡት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱ። በመጨረሻ ዶማ አንስተው ሰጡት። ከድርም ገብቶ ሲቆፍር ዋለ።

በባጃጅ ወደ ከተማው ስንመለስ ከረጢቱን ማን እንደቀደደው ለምሕረት ነገርኳት። ብዙም አልደነቃትም።

«አንተም ጠርጥረኸኝ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ምን ያህል? ከዜሮ እስከ አንድ ስንት ነው?»

እየቀለደች መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። ሥራዬ ያው እሱ ሆኖ ሳለ የምሰጣት ቁጥር አጣሁ። ያረፍንበት ሆቴል በር ላይ ስንደርስ «ከረጢቱን ስደብቅ ለአንተ እንኳ አለመንገሬ፣ እኔም አንተን አላመንኩህም ማለት ነው'ኮ» አለችኝ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አላነሳነውም፤ ዛሬም አብረን እንሠራለን።

ከዳሩ የቀዳነው ውሃ ተመርምሮ መርዙ ተገኘበት፤ ላሞቹ የጠጡት ያንኑ ነበር። ምሕረት ውጤቱን ይዛ ተመልሳ ለዳሩ ሰው አስረዳች። ሁሉም ግን አላመነም። ማዶ አንድም ከብት ባለመሞቱ ሸህ እንድሪስ አላህን አመሰገኑ፤ አንዳንዱ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ጠረጠረን። «መርዝ ቢሆን ኖሮ አንድ እንኳ አይሞትም ነበር?» አሉ። ከብቱ ስለተረፈ ብቻ ማስረጃ አጣን። እናንተስ ብትሆኑ ይህን እንዴት ታስረዳላችሁ?

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሰው ሲጠረጥረኝ እንደ ስድብ ነበር የምቆጥረው። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የአገራቸው ልጅ ነኝ፣ ሊያምኑኝ ይገባል እል ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ጦርነት ያለፈበት፣ ደላላ በለስላሳ አንደበት የሸጠው ሰው ጥርጣሬው ካለው ሁሉ የተረፈው አጥሩ ነው። እመኑኝ ብሎ አጥሩን መነቅነቅ አያዋጣም። ሰው ሳያምናችሁም አብሯችሁ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ሸህ እንድሪስ ያሳዩኝ እሱን ነው። ለእኔ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሒሳብ በቃኝ። አሁን ውሃውን ሳላይ፣ ከዳሩ ሰው ጋር ሳላወራ ቁጥር አልጽፍም። ከረጢት ስናስርም ሰዎቹን ጠርተን፣ ውስጡ የሚገባውን እያሳየን፣ እነሱም እየነኩት ነው።

ባለፈው ሰሞን ብቻዬን ወደዚያው፣ ከጉብታው ማዶ ወዳለው ዳር፣ ሄጄ ነበር። ነፋስ የለም፣ ፀሐዩ ይፋጃል፤ አረንጓዴው ከዳሩ መጠጋት ጀምሯል። አንዲት የማላውቃት ሴት ጀሪካን ይዛ ወደ ውሃው ስትወርድ አገኘኋት። ስታየኝ ጀሪካኗን ከእኔ ወገን አንስታ ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች። አልተቀየምኩም።

«እህቴ፣ ዛሬ ከዚህ አትቅጂ» አልኳት። «ከምንጩ ይሻላል።»

ፊቷን አዙራ ባለችበት ቆመች። እኔም እንዳላስጨንቃት መንገዴን ቀጠልኩ። ራቅ ካልኩ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ፣ ባዶ ጀሪካኗን እያንጠለጠለች ወደ ምንጩ ሽቅብ ትወጣለች።